አንድ ዛፍ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር

መጋቢት 2
ዛሬም ያው። ጠረግኩ፣ ውሃ አጠጣሁ፣ አለቀ። ፓርኬ እኮ አንድ ዛፍ፣ አንድ አግዳሚ ወንበርና ምንጣፍ የማታክል ሳር ናት። ጥበቃውም አትክልተኛውም እኔው። ጎብኚ ግን አይጠፋም... ከስንት አገር ይመጣሉ። «ውይ ስታሳሳ!» ይላሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ይሄዳሉ። ደሞዜም ትንሽ ነው፤ እሱን ሊጎበኝ የመጣ ግን የለም።

አግዳሚው ላይ አባባ። እንደ ሁልጊዜው። መዝጊያ ሰዓት ሲደርስ ደግሞ ጭቅጭቁ...
«አባባ፣ ይውጡ። ልዘጋ ነው።»
«የገዛ ልጄ ታባርረኝ?»
«ደንብ ነው።»
«እኔ የወለድኩት አንቺን ነው፤ ደንቡን አልወለድኩም።»
እያጉረመረሙ ወጡ። ቆለፍኩ።

መጋቢት 5
አንዲት ጎብኚ ከአባባ አጠገብ ልትቀመጥ ፈለገች።
«ሰው አለው?»
«አለው» አሏት።
ምስኪን፣ ቆማ ጠበቀች። ማን ሊመጣ! አግዳሚውን ብቻቸውን ሊይዙት ነው እንጂ። በሰው ፊት አፈርኩ። ሁሌ እንዲህ ናቸው።

መጋቢት 9
አለቃዬ መጣ። መለኪያ ከእጁ ስለማይለይ «ሜትሮ» እንለዋለን። ፊቱ ጠቁሯል። ሌላ ከተማ ከኛ ያነሰች ፓርክ ተከፍታለች አሉ።
«ተበለጥን!»
«በምን?»
«በትንሽነት!»
መፍትሔውን ይዞ ነው የመጣው። አግዳሚው ይነሳል፣ አጥሩ ይጠጋል።
«ሰው የት ይቀመጥ ታዲያ?»
«ጎብኚ የሚመጣው ሊያይ ነው፤ ሊቀመጥ አይደለም።»

አባባስ? እማዬ ከሞተች ወዲህ ከቤት የሚያስወጣቸው ያ አግዳሚ ብቻ ነው። ያኔ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተው... አልበላም፣ አልናገርም ብለው... ያ ጊዜ እንዳይመለስ እፈራለሁ። በጣም እፈራለሁ።

መጋቢት 10
ሜትሮን ለመንኩት። «ስሜታዊ አትሁኚ» አለኝ። ትናንት ተበለጥን ብሎ ሊያለቅስ የደረሰው ማን ነበር? እኔ?
ለአባባ አልነገርኳቸውም። በምን አፌ?

መጋቢት 13
አባባን «ዛሬ ፓርኩ ቀለም ይቀባል» ብዬ ቤት አስቀረኋቸው። ዋሸሁ።
ሠራተኞቹ አግዳሚውን ታገሉት። እግሮቹ ሲሚንቶ ውስጥ ተቀብረዋል፤ ወይ ፍንክች! ላብ በላብ ሆኑ። ሜትሮ ደጋግሞ ሰዓቱን አየ። ምሳ ደርሷል...
«በቃ ተዉት! አጥሩን ወዲህ አምጡት፣ አግዳሚው ውጪ ይቅር።»
አጥሩ ከአግዳሚው ጀርባ ተተከለ። ሜትሮ ለካና ዘለለ። በዓለም ትንሿ እኛ ነን አለ። እንኳን ደስ ያለን።

መጋቢት 14
አባባ መጡ። አጥሩን አዩ፣ አግዳሚውን አዩ።
«አስወጣችሁኝ ማለት ነው?»
«የወጣው አግዳሚው ነው፣ አባባ።»
ተቀመጡ። የዛፉን ጥላ እንደሆነ አጥር አያግደውም፤ ዛሬም እላያቸው ላይ ነው። ተመስገን።

መዝጊያ ሰዓት ደረሰ። ከልማዴ አፌን ከፈትኩ... ምን ልበል?
«በይ እስቲ፣ አሁን ከየት ታባርሪኛለሽ?» ሳቃቸው መንገድ ድረስ ተሰማ።
ቆልፌ ወጣሁ። ራት አልሠራሁም፣ መሄድ ነበረብኝ። ግን ፊታቸው ቆሜ ቀረሁ።
«ተቀመጪ» አሉኝ፣ ባዶውን ቦታ እያሳዩ።
«ሰው አለው አይሉም?» አሾፍኩባቸው።
«አለው። የእናትሽ ቦታ ነው። አንቺ ግን ተቀመጪበት።»

ስንት ዓመት ጠርጌዋለሁ፤ አንድ ቀን ተቀምጬበት አላውቅም። እስኪጨልም ተቀመጥን። አንድ ጎብኚ መጥቶ ጠጋ እንድንልለት ጠየቀ።
«ሰው አለው» አልኩት እኔው።