ጅቢቱን እስከ መጨረሻው ስሚያት

ውድ እታለም፣

ይህን ደብዳቤ የምታነብልሽ የእህትሽ ልጅ ትሕትና ናት። ገና ስሜን ስትጠራ «በቃ፣ ተይው» እንደምትያት አውቃለሁ። ትሕትናዬ፣ እንዳታቋርጪ! ብትቆጣም የምትቆጣው እኔን ነው።

እንዴት ከረምሽልኝ? የዛሪማ ሙቀት ለጉልበትሽ ሳይስማማው አይቀርም። ደባርቅ ብርዱ እንዳለ ነው። አባዬ ደህና ነው፤ ሽሮውን ራሱ ሠርቶ ራሱ እያማረረ ይበላል። ስምሽን አያነሳም፤ በሩ በተንኳኳ ቁጥር ግን ቀና ይላል።

የሄድሽበት ቀን ከዓይኔ አልጠፋም። ጎረቤታችን ዘቢደር ልጇ መጽሐፌን ሲያነብ ሰምታ፣ «ናዝራዊት እንጀራ እናትን ሌሊት ሌሊት ጅብ ትሆናለች ብላ ጻፈች» አለችሽ። ከሥራ ስገባ ሻንጣሽ በር ላይ ነበር። «እታለም፣ ወዴት ነው?» ብልሽ፣ «ዛሪማ ልውረድ እንጂ! እዚያ ጅብ መሆኔን ስለማያውቁ ቁርበት ያነጥፉልኛል» አልሽኝ። ሳቄ መጣ፤ ፊትሽን ሳይ ግን ደነገጥኩ። የሊማሊሞን ገደል ያን ያህል የምትፈሪ ሴት፣ ዓይንሽን በነጠላ ሸፍነሽ መኪና ላይ ወጣሽ። ምን ያህል እንዳዘንሽ ያኔ ገባኝ።

እውነት ነው፣ በመጀመሪያው ምዕራፍ ጅብ ነሽ። የልጆች ልብ ወለድ ነዋ! የጉም ንጉሥ የሕፃናትን ድምፅ ይሰርቃል፤ ምሥራቅ የምትባል ልጅ የታናሽ ወንድሟን ድምፅ ልታስመልስ ወደ ገደሉ ትወርዳለች። በየማለዳው ደጃቸው ላይ የጅብ ዱካ ስለምታይ እንጀራ እናቷን ትጠረጥራለች። እኔስ አልጠረጠርኩሽም? እናቴ ሞታ አባዬ አንቺን ሲያመጣ የሰፈር ልጆች «እንጀራ እናት ጅብ ናት፤ ስትተኚ ትበላሻለች» አሉኝ። አምኜ ከቤት ጠፋሁ። ጉሙ ከገደሉ ተነሥቶ ዋጠኝና አፋፉ ላይ ድንጋይ አቅፌ ቀረሁ።

ቁልቁል ማየት የማትችይው ሙሽራ በእንብርክክሽ መጣሽ። «አትንቀሳቀሺ ልጄ!» አልሽኝ።

«ፈራሁ» አልኩሽ።

«እኔም ፈርቻለሁ። እጄን ያዢና አብረን እንፍራ።»

ዘቢደር ያልነገረችሽ የመጨረሻውን ምዕራፍ ነው፤ ልጇም ገና አልደረሰበትም። ጅቢቱ ደጅ የምታድረው ልጆቹን ልትጠብቅ ኖሯል፤ የጉም ንጉሥ ከጅብ በቀር የሚፈራው የለም። ምሥራቅ የወንድሟን ድምፅ ይዛ ስትመለስ ጉሙ ይከባትና መንገዱ ይጠፋታል። ያን ጊዜ ጅቢቱ ትመጣለች። ጅብ እጅ የለውም፣ እታለም። ስለዚህ ምሥራቅ ዓይኗን ጨፍና እጇን ጅቢቱ አፍ ውስጥ ትሰዳለች። ጅቢቱም ጥርሷን ሳታሳርፍባት እየመራች ከገደሉ ታወጣታለች። ደጃቸው ደርሰው ዓይኗን ስትገልጥ፣ የያዘችው የእናቷን እጅ ነው። ከዚያ ገጽ በኋላ «እንጀራ እናት» የሚል ቃል መጽሐፉ ውስጥ የለም። ይህን ስጽፍ ስቅስቅ ብዬ ነው ያለቀስኩት።

ሌላ ሰው ሳያነበው በፊት ካንቺ እግር ሥር ቁጭ ብዬ ማንበብ ነበረብኝ። ታትሞ ሲመጣ ላስደንቅሽ ብዬ ነው፤ ይኸው አስደነገጥኩሽ።

ቅዳሜ በጠዋቱ መኪና እወርዳለሁ። መጽሐፉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ራሴ አነብልሻለሁ። ካልታረቅሽኝ ቁርበትሽ ላይ ተቀምጠሽ ስደቢኝ፤ ችዬ እሰማለሁ። ከታረቅሽኝ ግን ሊማሊሞን አብረን እንወጣለን። ለማንም ተናግሬ አላውቅም እንጂ ያንን ገደል እኔም እስከ ዛሬ እፈራዋለሁ። በመስኮቱ በኩል እኔ እቀመጣለሁ። እጄን ያዢና አብረን እንፍራ።

ልጅሽ
ናዝራዊት
ከደባርቅ