ጎሚስታው ስድስተኛ ክፍል ገባ

ጥሩዬ፣ የቤቴ አለቃ፣

ሞት ከለየን ሁለተኛው ክረምት አለፈ። እንዴት ነሽ ብዬ አልጠይቅሽም፤ ያለሽበት ከኮልፌ ጭቃ እንደሚሻል አውቃለሁ። ይህን የምጽፍልሽ እኔው ራሴ ነኝ፣ በገዛ እጄ! የማታ የጎልማሶች ፊደል ትምህርቴን ጨረስኩ። ከክፍሉ እኔን የሚያህል ጎበዝ አልነበረም፤ ሌሎቹ ሌላ ቢሉሽ ቅናት ነው።

ጣሪያችን ተቀይሯል፣ አሁን አያፈስም። ማህሌታችን እንዳንቺ መምህር ሆናለች። እዚሁ ቀራንዮ ስድስተኛ ክፍል አማርኛ ታስተምራለች። አየር ጤና አብሮኝ ጎማ የሚጠግን ጎሚስታ ሁሉ ይህን ወሬ ከእኔ ሰምቶ ሰልችቶታል። እሷ ግን አንድ ቀን ከሥራ ገብታ ቦርሳዋን አልጋው ላይ ወረወረችና፣ አባዬ በቃኝ፣ ሞባይል ቤት እቀጠራለሁ አለችኝ። ንባብ ሲሆን ጎበዞቹን ታስነሳለች፣ የቀሩት አንገታቸውን ይደፋሉ። አንዱ ከተደናቀፈ ክፍሉ ይስቅበታል፤ በማግስቱ ያ ልጅ ከትምህርት ቤት ይቀራል። ብትቆጣም፣ ብትለምንም የቀሩት አይነሱም።

ያኔ አንቺ ትዝ አልሽኝ። ከ18 ማዞሪያ የተማሪዎችሽን ደብተር ተሸክሜልሽ ታክሲ ስንገባ፣ ወላጆች መምህሩ እኔ እየመሰልኳቸው ጋሼ፣ ልጄ እንዴት ነው ይሉኝ ነበር። እኔም ጎበዝ ነው፣ ትንሽ ይረብሻል እላለሁ። አንቺ በክርንሽ ጎኔን ትወጊኛለሽ።

መምህር መምሰሉን ለምጄዋለሁና፣ ነገ ክፍልሽ መጥቼ እኔ አነብላቸዋለሁ አልኳት። ደነገጠች፤ ግን ርዕሰ መምህሩን አስፈቀደችልኝ። ሱፌን ለብሼ ገባሁ። ንባብ ማለት ምን እንደሆነ ዛሬ ታያላችሁ ብዬ ደረቴን ነፋሁ። መጽሐፉን ስከፍተው ግን፣ ጥሩዬ፣ የስድስተኛ ክፍል መጽሐፍ ለካ ቀልድ አያውቅም! ጣቴን ከቃሉ ሥር እየጎተትኩ፣ ላብ በላብ ሆኜ፣ አንዷን አንቀጽ በመከራ ጨረስኳት። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። እኔም ከእነሱ ብሼ ሳቅሁ። ከዚያ፣ አምና ሀ እና ለን አልለይም ነበር፣ ከእኔ የባሰ አንባቢ ካለ ይምጣና ይግጠመኝ አልኳቸው።

ከኋላ አንዲት ልጅ ተነሳች። ማህሌት ዓመቱን ሙሉ ድምጿን ሰምታው አታውቅም። ተንተባተበች፣ ቆመች፣ ደግማ ጀመረች፣ ጨረሰች። ሁለት ልጆች ሊስቁ ሲሉ ሌሎቹ ዝም አሰኟቸው። ከዚያማ እኔ እብሳለሁ፣ እኔ እብሳለሁ እያሉ ተጋፉ። ልጃችን ፊቷን ወደ ሰሌዳው አዞረች፤ እንባዋን ለመደበቅ መሆኑን እኔ ነኝ የማውቀው።

ሞባይል ቤቱ ቀረ። አሁን ንባብ የሚጀምሩት የሚደናቀፉት ናቸው፣ ጎበዞቹ ተራ ይጠብቃሉ። እኔን ሐሙስ ሐሙስ ትጠራኛለች፤ ልጆቹም ጋሼ ጎሚስታ ይሉኛል።

ይህን ስጽፍ እሷ አንቺ ትቀመጪበት በነበረው ወንበር ላይ ደብተር ታርማለች። ብዕሯን ጆሮዋ ላይ ሰክታዋለች፣ ልክ እንዳንቺ። ቀና ብዬ አያታለሁ፣ እንደገና እጽፋለሁ። መጽሐፍ ሳነብ ገና እደናቀፋለሁ፣ ለሌላ ሰው እንዳትነግሪብኝ። አንቺን ሳስብ ግን አንዲትም ቦታ አልደናቀፍም፤ ዓይኔ እስኪከደን ድረስም እንዲሁ ነው።

ያንቺው ጎሚስታ