ሁለት ሃዶክ ለወይዘሮ ኢዲት

ወይዘሮ ኢዲት ሱዳቢ ዓርብ ዓርብ ከረፋዱ በአራት ሰዓት፣ በሄስል መንገድ ከወይዘሪት ኖርማ ዓሣ ቤት ሁለት ሃዶክ ዓሣ ይገዙ እንደነበረና ከእንግዲህ እንደማይገዙ ለዘመድ ወዳጅ ሁሉ የምናስታውቀው በጥልቅ ሐዘን ነው።

ወይዘሮ ኢዲት ከአባታቸው ከአቶ ኸርበርት ጊልደርዴልና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሚኒ በ1940 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በእንግሊዝ አገር በሃል ከተማ፣ ከዓሣ ወደቡ አጠገብ ተወለዱ። አባታቸው ከመርከብ ዓሣ አውራጅ ነበሩ፤ እናታቸው ደግሞ ዓሣ በጭስ ያደርቁ ነበር። በትምህርት ቤት ዓሣ ዓሣ ትሸታለች ተብለው ብቻቸውን ተቀምጠዋል ይባላል፤ ሆኖም ክፍሉ በሙሉ የወደብ ሠራተኛ ልጅ ስለነበር ማን ማንን እንዳሸተተ እስከ ዛሬ አልተጣራም።

በአሥራ አምስት ዓመታቸው ትምህርታቸውን አጠናቀው በመንገዱ ላይ በሚገኘው ዳቦ ቤት ተቀጠሩ። በዚያ ዘመን የሄስል መንገድ ሰው ሥጋውን ከአንዱ፣ ዳቦውን ከሌላው፣ ወሬውን ከሁሉም ይገዛ ነበር። ወይዘሮ ኢዲት ዳቦ ሲሸጡ ወሬ አይጨምሩም ነበርና ደንበኞች ሚዛናቸው የጎደለ ይመስላቸው ነበር። አንድ ነገር ከተናገሩ ግን እውነት ነው። ይህ ጠባያቸው ኋላ ብዙ ጉዳት አድርሶባቸዋል።

በ1962 ዓ.ም. የዓሣ መርከብ ሠራተኛ ከነበሩት ከአቶ ራልፍ ሱዳቢ ጋር ጋብቻቸውን በሕግ ፈጸሙ። አቶ ራልፍ ሦስት ሳምንት በባሕር፣ ሦስት ቀን በቤት ይኖሩ ነበር። ልጅ አልወለዱም። «መቼ ተገናኝተን?» ይሉ ነበር ወይዘሮ ኢዲት ሲጠየቁ።

በእኛ መንገድ ባሏ ወደ ባሕር የሚወጣ ሴት በዚያ ቀን ልብስ አታጥብም። ካጠበች ባሕሩ ባሏን አጥቦ ይወስደዋል። ወይዘሮ ኢዲት ገና ሙሽራ ሳሉ ረስተው ልብስ ሊያጥቡ በጓሮ ውሃ ሲቀዱ፣ ጎረቤታቸው በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው «አንቺ! በሳምንትሽ ባልሽን ጠላሽው እንዴ?» ብለው ገንዳውን አስደፍተዋቸዋል። ከዚያ ወዲህ ለዓመታት አልረሱም።

በ1969 ዓ.ም. በጥር ወር አቶ ራልፍ ኤልስዊክ በተባለችው መርከብ እንዲወጡ ስማቸው ተመዘገበ። በዚያ ጠዋት እኚያው ጎረቤት በጓሮው ገመድ ላይ የሚንጠባጠብ ሸሚዝ አዩ። ምላሳቸውን ነክሰው ገቡ። መርከቧ ከአይስላንድ ወዲያ በበረዶ ማዕበል ሰጠመች፤ የተረፈ ሰው የለም።

ቄሱ በቤተ ክርስቲያን የሟቾቹን ስም ሲያነቡ ወይዘሮ ኢዲት ከመቀመጫቸው ተነሥተው «ራልፍ ቤት ነው» አሉ።

«አዎን ልጄ፣ በአባቱ ቤት ነው» አሉ ቄሱ በለሰለሰ ድምፅ።

«የአባቱ ቤትማ ሌላ ሰፈር ነው። እኔ ቤት ነው ያለው።»

ሕዝቡ አለቀሰ። ከመርከብ ኩባንያው የመጡት ሰውዬም ለማጽናናት ሳሎን ተቀምጠው ሳለ ወይዘሮ ኢዲት «ፎቅ ላይ ነው፤ ልጥራው?» አሏቸው። ሰውዬው ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «አይ፣ አይቸገሩ» አሉ። ወይዘሮ ኢዲት ግን ወደ ደረጃው ዞረው «ራልፍ!» ሲሉ ተጣሩ። የወረደ ሰው የለም። የባል የሞት ካሣም ሲቀርብላቸው «በሕይወት ላለ ሰው?» ብለው ሳይቀበሉ ቀሩ።

መንገዱ ሁሉ ሳይመካከር የተስማማው በዚያ ሰሞን ነው። ልብስ አጥባ ባሏን ወሰደችው፤ ጸጸቱ አእምሮዋን ነካው፤ እንግዲህ የምትለውን እሺ እንበላት። ልኳንዳ ነጋዴው «ለራልፍ ከስቡ ልጨምርለት?» ይሉ ጀመር። ዳቦ ቤቱም ሁለት ሰው የሚበላውን ዳቦ ይሰጣቸው ነበር። ሰኞ ሰኞ በገመዳቸው ላይ የወንድ ሸሚዝ ሲሰጣ ጎረቤት «ብል እንዳይበላው ነው፣ ምስኪን» ይል ነበር። አንገቱ ጋ ለምን እንደሚያድፍ የጠየቀ የለም።

ከሁሉ ይልቅ ደግ የነበሩት ወይዘሪት ኖርማ ስታዘር ናቸው። እርሳቸውም የራሳቸው ጉዳይ ነበራቸው። በዚያው ጥር ታናሽ ወንድማቸው ኬን፣ ሥራ ፍለጋ ከመርከብ መርከብ ሲዞር የሚውል የሃያ አንድ ዓመት ልጅ፣ ማንንም ሳይሰናበት ጠፋ። አውስትራሊያ ሄደ ተባለ። ማን እንዳለ አይታወቅም። ወይዘሪት ኖርማ የሲድኒ ድልድይ ያለበት ፖስታ ካርድ ከሚዛናቸው በላይ ሰቀሉና «ኬን የላከው ነው» አሉ። ካርዱን ከእኛው መንገድ መደብር እንደገዙት ሁሉም ያውቃል፤ እሺ ግን ለአንድ ሰው ብቻ አይባልም።

ስለዚህ ዓርብ ዓርብ እንዲህ ይባባሉ ነበር።

«ሁለት ሃዶክ፣ ኖርማ። ትልቁ ለራልፍ።»

«እንዴት ናቸው ጋሽ ራልፍ? ሳሉ ተዋቸው?»

«ያው ነው። ከፎቅ አልወርድም ብሏል።»

«ምን ያድርጉ፣ በዚህ ብርድ!» ይሉና ወይዘሪት ኖርማ የተሰለፉትን ጠቀስ ያደርጋሉ።

«ኬንስ ምን አለ?»

«ሙቀቱን አልቻልኩትም ይላል። ፀሐዩ ጀርባውን ልጦታል አሉ።»

እዚህ ላይ ሲደርሱ ወይዘሮ ኢዲት አቀርቅረው ቦርሳቸው ውስጥ የሌለ ነገር ይፈልጋሉ። ከኋላ ያለው «እትዬ፣ ለኛም ቦታ ይልቀቁልን!» እስኪል ድረስ ይፈልጋሉ። ሰው «ሐሳቧ ሄደ» ይል ነበር።

አንድ ዓርብ ሱቁ ጭር ባለበት ሰዓት በባንኮኒው ላይ ተደግፈው «ኖርማ፣ ራልፍ አልሞተም ብልሽ ትሰሚኛለሽ?» ብለው ነበር።

«እንዴታ፣ እትዬ ኢዲት። እሰማለሁ።»

«በእርሱ ቦታ ሌላ ልጅ ነው የገባው። ልጁ...»

«እሺ፣ እትዬ፣ እሺ። ሎሚ ልጨምርልዎ?»

ሎሚው ተጨመረላቸው። ወይዘሮ ኢዲት ሎሚውን ይዘው ወጡ፤ ነገሩንም ዳግመኛ አላነሡም። ከዚያ ወዲያ ከሰው የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ማንም ይሁን ማን ያንን ደረጃ ወጥቶ እንዲያይላቸው። የቆጣሪ አንባቢውን «ወጥተህ እየው» ይሉታል። ቄሱንም ይለምናሉ። ቤተሰብ ለገና ሲሄድ «እስቲ ውጡና ሰላም በሉት» ይሉናል። ሁላችንም «ይረፉበት፣ አንረብሻቸው» ብለን ሻያችንን ጠጥተን እንወጣ ነበር። አንዳንዴ ከላይ ሳል ይሰማል። የውሃ ቧንቧው ነው እንባባላለን።

ዘመኑ እየተለወጠ ሄደ። የዓሣ መርከቦቹ ቀሩ፣ ወደቡ ጸጥ አለ፣ ልኳንዳው ተዘግቶ የስልክ መጠገኛ ሆነ። ዳቦ ቤቱ በነበረበት የፖላንድ ተወላጇ ወይዘሮ ዳኑታ የምግብ መደብር ከፈቱ። የመንገዱን ስምምነት የነገራቸው አልነበረም። ወይዘሮ ኢዲት የጢም መላጫ ለባላቸው ሲገዙ ወይዘሮ ዳኑታ ዓይናቸውን አፍጥጠው «ምን ዓይነት ሰነፍ ባል ነው? ለመላጫው እንኳ ራሱ አይመጣም? ንገሪው፣ እኔ ብሆን ጆሮውን ይዤ አወርደው ነበር!» አሏቸው።

ወይዘሮ ኢዲት የመደብሩን መደርደሪያ ይዘው እስኪያነቡ ሳቁ። ሰው በመንገዱ ላይ ሲስቁ ያያቸው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ከዳኑታ መደብር ምንም ሳያስፈልጋቸውም ይገቡ ነበር።

ወይዘሮ ኢዲት በ2016 ዓ.ም. በመጸው የሳንባ ሕመም ጸንቶባቸው ሆስፒታል ገቡ። ነርሷ «ቤት ውስጥ ከማን ጋር ነው የሚኖሩት?» ስትላቸው «ከባሌ» አሉ። ቤተሰብ ከትራስጌ ሆኖ ራሱን ነቀነቀ፤ ነርሷም ገብቷት «ብቻቸውን» ብላ ጻፈች። ወይዘሮ ኢዲት አይተዋል። በመጨረሻው ቀን ግን «ዓርብ ዓሣውን ማን ያመጣለታል?» ሲሉ ጠየቁ። «እኛ አለን» አልናቸው። ኖቬምበር 15 ቀን፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ በተወለዱ በሰባ ስድስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

የሚገነዙበትን ልብስ ለማምጣት ቤታቸው በሄድን ጊዜ፣ ለልማዳቸው ክብር ሲባል ከደረጃው ሥር ቆመን ወደ ላይ «ራልፍ! ኢዲት ዐርፋለች» አልን። ፎቅ ላይ አንድ ጣውላ ጮኸ። ቤቱ አሮጌ ነው።

ይህ የሕይወት ታሪክ በመጀመሪያ «ባለቤታቸውን በባሕር አደጋ ያጡ» ተብሎ ተጽፎ ነበር። ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት፣ ዓርብ ረፋድ ላይ፣ ወይዘሪት ኖርማ እንዲያዩት ዓሣ ቤት ይዘነው ገባን። መነጽራቸውን አድርገው በማንበብ ላይ ሳሉ የበሩ ደወል ጮኸ። አንድ ሽማግሌ ገቡ። ፊታቸው ፀሐይ እንዳላየ ሥር የነጣ ነው፤ ጢማቸውን አሳምረው ተላጭተዋል። የሚጎትቱት ባለ ጎማ ዘንቢል የወይዘሮ ኢዲት ነበር። ሰልፉን ጠብቀው ተራቸው ደረሰ።

«ምን ልስጥዎ፣ አባቴ?»

«ሃዶክ» አሉ ሽማግሌው። «አንድ ይበቃል።»

የወይዘሪት ኖርማ እጅ ግን ሰዓቱ ነውና ከበረዶው ላይ ሁለት አንሥቶ ነበር። ቀና ብለው ዘንቢሉን አዩ፣ ቀጥሎ ሰውየውን።

«ያን ቀን አጥባ ነበር» አሉ ሽማግሌው። «ረስታ። ሸሚዜን ገመዱ ላይ አይቼው ወጣሁ፤ ከወደቡ አፍ ተመለስኩ። ስሜን ካነበባችሁት በኋላ መውረድ አልቻልኩም። እርሷ ሁልጊዜ ነግራችኋለች።»

በዚህ መንገድ ላደገ ሰው ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም። ወይዘሪት ኖርማ አንዱን ዓሣ ወደ በረዶው መለሱ። ሌላውን በወረቀት ጠቀለሉ፤ ጠርዙን ደግመው ደጋግመው አጠፉት። ጥቅሉን ግን አልለቀቁም።

«ታዲያ ራልፍ፣ በአንተ ቦታ ማን ገባ?»

አቶ ራልፍ ከሚዛኑ በላይ ወዳለው የሲድኒ ድልድይ ቀና ብለው አዩና ኮፍያቸውን አወለቁ።

ስለሆነም ጽሑፉ እንደሚከተለው ተስተካክሏል። ወይዘሮ ኢዲት ሱዳቢ ለአርባ ሰባት ዓመታት እውነቱን ሲናገሩ ኖረው፣ በሕይወት ያሉትን ባለቤታቸውን አቶ ራልፍ ሱዳቢን፣ እህታቸውንና የእህታቸውን ልጆች ትተው ዐርፈዋል። በስተግራ በፊተኛው ወንበር ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው የተቀመጡት ባለቤታቸው ናቸው። አጠገባቸው የተቀመጡት ወይዘሪት ኖርማ ስታዘር ናቸው፤ የፖስታ ካርዱን በእጃቸው ይዘዋል። ቄሱ ዛሬ የሁለት ሰዎችን ስም እንዲጠሩ ተነግሯቸዋል።

እግዚአብሔር የወይዘሮ ኢዲትን ነፍስ፣ ሲናገሩ ከሚታመኑበት ስፍራ ያሳርፍልን። ለኬኔት ስታዘርም፣ ዘግይቶም ቢሆን፣ አጠገባቸው ቦታ ይስጥልን።