ዝናብ አይጠበቅም

ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ጸደይ በተጋመሰበት ሳምንት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

እንዴት ሰነበትሽ የኔ እናት? እኛ ደህና ነን። አባትሽም ከነአልጋው ደህና ነው። ባለፈው ሳምንት ከነአልጋው ሰማይ ስር ነው የሰነበተው። አትደንግጪ፣ ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ከአልጋው በላይ ያለው ቆርቆሮ መበሳሳቱን ታውቂያለሽ። ባለፈው ሲዘንብ እግርጌው ሳፋ ደቅኜ ስደፋ ዋልኩ። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ጣሪያ ሲመታ የኖረ ሰው የራሱ ቤት ሲያፈስበት ተኝቶ ማየቱ አንገበገበው። ያንን ሥራ ራሱ ከልጅነቱ ያስተማረውን፣ ቀጭኔ የምንለውን ጣሪያ ሠሪ አስጠራ። ቀጭኔ መጥቶ ቀና ብሎ አየና ራሱን ነቀነቀ። የጸደይ ሰማይ ጠዋት ስቆ ከሰዓት ያለቅሳል፣ ትንሽ እንጠብቅ አለ።

ይህን ሲል ነው የአንቺ ድምፅ ከራዲዮው የመጣው። እስከዚያ ቀን አንቺ ያዘጋጀሽውን የአየር ትንበያ ሌላ ሰው ነበር የሚያነበው፤ ራስሽ ስታነቢ ይህ የመጀመሪያሽ ነው። እኔ የያዝኩትን ብርጭቆ ማስቀመጥ አቃተኝ። «በመጪው ሳምንት በአካባቢያችን ደረቅና ለዘብ ያለ አየር ይሰነብታል፤ እስከ እሑድ ዝናብ አይጠበቅም» አልሽ፣ ጥርት አድርገሽ፣ ሳትቸኩይ።

አባትሽ ራዲዮውን ዘጋና «ሰማህ? ቆርቆሮውን አንሳው» አለው።

«ጋሼ፣ እሷ የተናገረችው ለአገሩ ሁሉ ነው። ለእርስዎ ጣሪያ አይደለም።»

«እኔስ የአገሩ ሰው አይደለሁም?»

በማግስቱ ጣሪያው ተነሳ። ጎረቤት ልውሰድህ ስለው ሥራውን ከሥር ሆኜ አያለሁ ብሎ እምቢ አለ፤ አልጋውን ጥግ አስያዝንለት። ወሬው ሰፈሩን ለማዳረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ፀጉር አስተካካዩ በአጥር ላይ ብቅ ብሎ፣ ሰው በልጁ ይመካል እንጂ እንዴት በደመና ይመካል እያለ ቀለደብን።

ሐሙስ ዕለት ከኮረብታው ጀርባ ጥቁር ደመና ተቆለለ። ነፋሱ በሩን ያላትመው ጀመር። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ የታጠበ ጨርቋን ሰብስባ ገባች። ቀጭኔ ትልቅ ላስቲክ ተሸክሞ መሰላሉን ሲወጣ እኔም ብርድ ልብሶቹን አቀፍኩ። አንቺን ተጠራጥሬ አይደለም ልጄ፤ የታመመ ሰው ያላት ሴት ሆኜ ነው።

አባትሽ በክርኑ ተደግፎ ቀና አለ። እንደዚያ ቀና ካለ ቆይቷል።

«አውርደው። ልጄ አይዘንብም ብላለች። ሰፈሩ ሁሉ እያየ ቃሏን በላስቲክ አልሸፍንም» አለው።

ቀጭኔ እኔን አየኝ፤ እኔ ብርድ ልብሶቹን መልሼ አስቀመጥኩ። ላስቲኩን ይዞ ወረደ። ደመናው ራሳችን ላይ መጥቶ ቆመ፣ ቤቱ ጨለመ፣ እኔም የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ጨረስኩ። ከዚያ ደመናው ቤት ተሳስቶ እንደገባ እንግዳ ቀስ ብሎ ሄደ። ጠብ ያለ ነገር የለም ልጄ፣ አንድም።

አባትሽ ፀጉር አስተካካዩን አስጠራና፣ የትንበያ ነጋሪዋ አባት ጺሙን አንጨፍርሮ አይታይም አለ። ያ ቀልደኛ ራሱ መጥቶ በተከፈተው ሰማይ ስር ላጨው። እግረ መንገዱንም የወንድሙ ሠርግ ስለ ደረሰ ድንኳን ይተከል ወይስ ይቅር ብሎ አማከረው። አባትሽ እንደ ሚኒስትር ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ልጄ የተናገረችው እስከ እሑድ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ላለው ኃላፊነት አልወስድም አለ። አሁን ሰዎች በመንገድ ሲያገኙኝ ሰላምታውን ትተው ስለ ሰማዩ ነው የሚጠይቁኝ። እኔም ዝም ብዬ አላልፍም፤ የማውቅ መስዬ ትንሽ ቀና እላለሁ።

ዓርብ አዲሱ ቆርቆሮ ተዘጋጀ። አባትሽ ግን ይቆይ፣ ምን ያስቸኩላችኋል አለ። ቀጭኔ ሄዶ ብቻችንን ስንቀር፣ «ዕድሜዬን ሙሉ ሰማይን ከሰው ላይ ስከድን ኖርኩ፤ እስቲ ትንሽ ልየው» አለኝ። አጠገቡ ተቀምጬ አብሬው አየሁ። ሕፃን ሆነሽ መሰላሉ ስር ቆመሽ ሚስማር ታቀብይው እንደነበር አስታወሰኝ።

ትናንት እሑድ ጣሪያው ተከደነ። አዲስ ሳንቲም መስሏል። ሐኪሙም ዛሬ ጠዋት መጥቶ ብዙ ቆይቶ መረመረውና፣ በር ድረስ ስሸኘው አየሩ ጥሩ ነው ብሎኝ ሄደ። የተናገረው ስለ አየሩ ብቻ ነው፣ ስለ አባትሽ አይደለም።

የዓመት ፈቃድሽን ለክረምት እንዳስቀመጥሽው ጽፈሽልኛል። ስለ ሰማይ አንቺን አላስተምርሽም፤ ግን ክረምት ሲገባ መንገዱ ጭቃ ነው፣ አውቶቡሱም መንገድ ላይ ይቆማል። አሁን መንገዱ ደረቅ ነው። አለቃሽን ለምኚውና ይህን ሳምንት ነይ። ይህን ጻፊ ያለኝ የለም፣ ከራሴ ነው።

ቃልሽ መሬት ጠብ አይበል። ያሳደገሽ አምላክ ከክፉ ይጠብቅሽ፤ በሰላም ያምጣሽ።

እናትሽ