«ግፉት!» ስለተባለችው ልጄ

ለተከበሩ የሬዲዮ ጣቢያው ዋና ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ሰላም፣ ለጉሮሮዎም ደህንነት እመኛለሁ። ጉሮሮን ለይቼ ያነሣሁት የሚመሩት ቤት በጉሮሮ የሚተዳደር ስለሆነ ነው። ደብዳቤዬንም በአደባባይ የጻፍኩት ለክፋት እንዳይመስልዎ፤ አሽጌ የላክሁልዎ የመጀመሪያው ደብዳቤ እጅግ ትሁት የሆነ መልስ አስገኝቶልኝ፣ ያን ሁሉ ትህትና ብቻዬን ይዤ መቀመጥ ንፍገት መስሎ ስለታየኝ ነው።

ባለቤቴ ካረፈ ቆይቷል። ቤቴ ውስጥ ከልጄ ሌላ የሚያወራኝ የእርስዎ ጣቢያና ከሰው የምዋሳቸው መጻሕፍት ናቸው። ትምህርት ቤት ብዙ አልዘለቅሁም፤ ቀስ ብዬ ማንበብን የተማርኩት በራሴ ስለሆነ የእርስዎንም መልስ ያነበብኩት ቀስ ብዬ ነው። ምናልባት ጥፋቱ እዚያ ላይ ይሆናል። ቶሎ ቢነበብ ደስ የሚል ደብዳቤ ነበር።

ልጄን በስሟ አያውቋትም። ድምፅዋን ግን ያውቁታል። በየማለዳው ከዜና በኋላ፣ የቀልዱ ሰዓት ሊጀምር ሲል፣ «እ-እ-እ-እባካችሁ» ስትል ከቅጂ የምትሰማዋና ወዲያው የማይነሣ ሞተር ድምፅ የሚከተላት እሷ ናት። ከዚያ ሁለቱ አዘጋጆችዎ «ግፉት! ግፉት!» ይላሉ፤ ሳቅ ይሰማል፤ ፕሮግራሙ ይጀመራል። የጣቢያዎ መግቢያ ዜማ ለመሆን የበቃችው በዚህ መንገድ ነው።

እንዴት እንደ ሆነ ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ልጄ በሰፈራችን ክሊኒክ የመስኮት ሠራተኛ ናት፤ ካርድ ትቀበላለች፣ ተረኛውንም ስሙን ትጠራለች። የክሊኒኩ በር ፊት ያለው የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳኑ ተሰርቆ፣ አንዲት አሮጊት ታካሚ እግራቸው ገብቶ ተሰበረ። ለክንዳቸው መጥተው በእግራቸው ተኙ። በማግስቱ ማለዳ ድምፀ ጎርናናው አዘጋጅዎ «የሰፈራችሁን ችግር ደውላችሁ ንገሩን፤ መስመሩ የእናንተ ነው» ሲል ልጄ አመነችው። ደወለች። የመጀመሪያው ቃል «እባካችሁ» ነበር፤ እሱ ላይ አንደበቷ ያዛት።

ጎርናናው «ይቺ ሞተር አልነሣ አለች እኮ!» አለ። ሳቂታው ደግሞ «ባትሪዋ ሞቷል ወንድሜ፣ ውረድና እንግፋት!» አለው። ከመስታወቱ ወዲያ ያለው ቴክኒሻን የሞተር ድምፅ ለቀቀ፤ እንዲህ ያለ ነገር በእጁ አዘጋጅቶ የሚጠብቅ ትጉ ሠራተኛ እንዳለዎት በዚያው ተረዳሁ። ከማስታወቂያው በፊት ትጨርሳለች፣ አትጨርስም ተባብለው ተወራረዱ። ማስታወቂያው ገባ። ልጄ ማስታወቂያው እስኪያልቅ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ይዛ ቆማ ጠበቀች። ይመለሱልኛል ብላ ነው። ጨዋ አድርጌ አሳድጌያታለሁ፤ ያም የእኔ ጥፋት ነው።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ፤

አንደኛ፣ ልጄን ታዋቂ ስላደረጉልኝ አመሰግናለሁ። ዳቦ ቤት ስትገባ «ግፉት መጣች!» ይሏታል። ጎረቤታችን፣ ክፉ ሰው አይደለም፣ በር ላይ ሲያገኛት በእጁ መኪና የሚገፋ ይመስላል። ስለ ጉዳዩ ላነጋግርዎ ጣቢያዎ ድረስ መጥቼ ነበር፤ ዘበኛው ለምን እንደ መጣሁ ሲሰማ ፊቱ በራ፤ «የግፉት እናት ነዎት እንዴ! ኧረ በጣም ነው የምንወዳት፣ እማማ!» ብሎ ወንበሩን ለቀቀልኝ። የጣቢያው ስም የተጻፈበት ዣንጥላም ሰጠኝ። ቀኑ ፀሐይ ነበር። ከሁሉም በላይ የጎዳኝ ሰውዬው ከልቡ መሆኑ ነው፤ የሚሰድብ ቢሆን ኖሮ መልስ አላጣም ነበር።

ሁለተኛ፣ ክሊኒኩን ስላስደሰቱልኝ። እርስዎ የማያውቁት አንድ ነገር አለ። ልጄ ስም ከመጥራቷ በፊት በእስክሪብቶዋ የመስኮቱን እንጨት መታ መታ ታደርጋለች፤ ቃሉ የሚወጣላት በዚያ ነው። ታካሚዎቹ ለምደውታል። እንጨቱ ሲመታ ጫማ የሚያጠልቅ ያጠልቃል፣ ሕፃን የሚያዝል ያዝላል፣ ጉልበት የሚያመውም ግድግዳ ይዞ መነሣት ይጀምራል። አንድ ሽማግሌ «እሷ ስሜን እስክትጨርስ እኔም ተነሥቼ እጨርሳለሁ፤ እኩያ ነን» ይሉ ነበር። እንዲህ ተሳስቀው ዓመታት ሠርተዋል። ያም ሳቅ ነበር፣ ክቡር ሆይ፤ ልዩነቱን ግን በሬዲዮ ማስረዳት ይከብዳል።

አሁን እስክሪብቶዋ እንጨቱን ሲነካ ከኋላ ወንበር አንዱ ጎረምሳ «ግፉት!» ይላል፤ አዳራሹ ይስቃል፤ ቃሉም ጭራሽ ተመልሶ ይገባል። የክሊኒኩ ኃላፊ ሲስተር ደግ ሴት ናቸው። «ለጊዜው ነው የእኔ ልጅ፣ ወሬው እስኪበርድ» ብለው መስኮት ወደሌለው ካርድ ክፍል አዛወሯት። ወሬ ደግሞ የሚበርደው ሲተውት ነው፤ የእናንተ ግን በየማለዳው ይሞቃል። ካርድ ክፍል ውስጥ ከመደርደሪያ ጋር ነው የምትውለው። ቤት ስትመጣ የምትነግረኝ ነገር የላትም፤ ድሮ የምታወራልኝ የሰው ወሬ ነበር።

ሦስተኛ፣ ስለ ነጻነት ስላስተማሩኝ። በመልስዎ ላይ «የመናገር ነጻነት የጣቢያችን የማዕዘን ድንጋይ ስለሆነ በአዘጋጆቻችን አንደበት ላይ ልጓም አናስገባም» ብለውኛል። በዚህ ከእርስዎ ጋር አልጣላም። ሰው በገዛ ቤቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲያወራ አይቼ ያደግሁ ሴት ነኝ፤ ግድግዳ ጆሮ አለው ሲባል ተረት አልነበረም። አዘጋጆችዎ ይባረሩ፣ ይታሰሩ፣ ጣቢያው ይዘጋ የሚለኝ ሌላ ጎረቤት አለ፤ እሺ አላልኩትም። ዛሬ ለሁለቱ የተዘጋጀ ልጓም ነገ ለማን አፍ እንደሚለካ አላውቅም።

ነገር ግን አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ባለፈው ዓመት ያው ሳቂታው አዘጋጅዎ፣ ፕሮግራሙን የሚደግፈው ሳሙና «አረፋ የለውም፣ እንደ ድንጋይ ነው» ብሎ ቀለደ። ቀልዱ ጥሩ ነበር፤ እውነትም ነበር፤ ሳሙናውን አውቀዋለሁ። በማግስቱ ሳቂታው ጠፋ። ከሳምንት በኋላ ሲመለስ ስለዚያው ሳሙና አረፋ በሚያለቅስ ድምፅ ይቅርታ ጠየቀ። ስለዚህ ልጓም እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ሲገባም ሰምቻለሁ። የነጻነቱ ወሰን የት እንደሆነ ለማወቅ ወፍራም መጽሐፍ ማገላበጥ አያስፈልግም ነበር፤ ሳሙናው ጋ ሲደርስ ያበቃል። እኔ የምጠይቀው ልጄ ከሳሙና እኩል እንድትታይ ብቻ ነው። ከበዛ ይቀነስ።

ደግሞ መስመሩ የማን ነበር? «የእናንተ ነው» ተብሎ ነው የተደወለው። አዘጋጆችዎ የተናገሩት ሁሉ አየር ላይ ወጥቷል፤ በየቀኑም ይወጣል። ልጄ የተናገረችው አንድ ቃል ነው፤ እሱንም ወስዳችሁ የራሳችሁ አደረጋችሁት። ከተማው በሙሉ ድምፅዋን ያውቃል፤ «ከእባካችሁ ቀጥሎ ምን ልትል ነበር?» ብሎ የጠየቀ ግን አንድ ሰው አልገጠመኝም። ጉድጓዱም አፉን እንደ ከፈተ ነው።

በነገር ሁሉ ንጹሕ ሆኜ እንደማልጽፍልዎ ግን ይወቁልኝ። ባለቤቴም ተብታባ ነበር፤ ልጄ የወረሰችው ከእሱ ነው። አብረን በኖርንበት ዘመን ሁሉ እሱ የጀመረውን እኔ እጨርስለት ነበር፤ በፍቅር ነው፣ በችኮላም ነው። ሱቅ ውስጥ፣ እንግዳ ፊት፣ ሐኪም ዘንድ ቃሉን ከአፉ እየተቀበልኩ አስረክብለት ነበር። መጨረሻ ላይ ሆስፒታል ተኝቶ አንድ ነገር ጀመረ፤ እንደ ልማዴ ጨረስኩለት፤ እሱም ራሱን ነቀነቀ። ልክ ስለ ነበርኩ ይሁን ስለ ደከመው እስከ ዛሬ አላውቅም። ስለዚህ የሰውን ቃል መቀማት ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ለአዘጋጆችዎ የምነግራቸው ከእነሱ በላይ ሆኜ አይደለም። አብሬያቸው ተቀምጬ ነው።

አራተኛውና ዋናው ምስጋናዬ ስለ ስጦታዎ ነው። በደብዳቤዎ መጨረሻ፣ ጣቢያው «ለተፈጠረው ቅሬታ ማካካሻ ይሆን ዘንድ» ለክሊኒኩ ማሽን በነጻ እንደሚሰጥ፣ ማሽኑም ተረኛን በቁጥር በተቀዳ ድምፅ እንደሚጠራ፣ ድምፁንም ያለ ክፍያ የሚቀዳው ያው ጎርናናው አዘጋጅ እንደሆነ አበሠሩኝ። ይህን ሳነብ ቁጭ አልኩ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚባለው ለካ በነጻም ይታደላል! ልጄን ከወንበሯ ያስነሣት ድምፅ፣ አሁን ወንበሯ ላይ ሊቀመጥ ነው። እሷ ካርድ ክፍል ሆና ከግድግዳው ወዲያ «ቁጥር ሠላሳ ሁለት» ሲል ስትሰማው ትውላለች።

ይህን ሲያስቡ ክፋት አስበው እንዳልሆነ አምናለሁ። ክፉ ሰው ይህን ያህል አይሳካለትም።

የክሊኒኩ ቦርድ ስጦታውን ለመቀበል ሐሙስ ይሰበሰባል። ከተቀበለ የመስኮቱ ሥራ ይቀራል፤ ልጄም ወደ መስኮቷ የምትመለስበት መንገድ ይዘጋል። ሲስተር «እኔ ምን ላድርግ እናቴ፣ ነጻ ነገር ማን እምቢ ይላል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እምቢ ማለት የሚችል አንድ ሰው ሰጪው ነው።

ስለዚህ ልመናዬ ሁለት ነው። ማሽኑን ያንሡልን፤ ብዙ ሕመምተኛ፣ ብዙ ጩኸት ላለበት ሌላ ቦታ ይስጡት፤ እኛ ዘንድ የሚመጡት ቀስ ብለው የሚነሡ ሰዎች ናቸው። ሁለተኛ፣ ያቺን «እባካችሁ» ከማለዳው ፕሮግራም ያውጡልን። በአየር ላይ ይቅርታ አልጠይቅም፤ አዘጋጆችዎ ይቅርታውንም እንዴት እንደሚሉት እገምታለሁ። ዝም ብሎ ይጥፋ። አንድ ማለዳ ዜናው አልቆ፣ ወዲያው ዘፈን ቢገባ ልጄ ቁርሷን እስከ መጨረሻው ትበላለች።

ጊዜዎን ስለ ወሰድኩ፣ ደብዳቤዬም ከማስታወቂያ በፊት ስላላለቀ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ለዓመታት ስታደምጥዎ ኖራ አንድ ጊዜ እንዲያደምጧት የምትማጸን፣ ዣንጥላዎንም ለክረምት ያስቀመጠች ታማኝ አድማጭዎ ነኝ፤

የ«ግፉት» እናት

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ደብዳቤው ካለቀ በኋላ ልጄ አንብባው፣ ሐሙስ ቦርዱ ፊት ራሷ እንደምትናገር ነገረችኝ። እኔ ልናገርልሽ ብያት ነበር፤ «እማዬ፣ አንቺ ተቀመጪ» አለችኝ። ይህን ለማለት የፈጀባትን ጊዜ አልነግርዎትም፤ ትወራረዱበታላችሁ። ስብሰባው ለሁሉም ክፍት ነው። ማይክራፎን የለም፣ ማስታወቂያም አይገባም፤ ጀምራ እስክትጨርስ የምትናገረው እሷ ናት። ጊዜ ካለዎት ይምጡ። ጊዜ ከሌለዎት ግን፣ እባክዎን፣ ይቅሩ።