ማን አረደው?

ቅዳሜ

እኔ የተኮስኩትን አጋዘን ሌላ ሰው አርዶት አገኘሁ። አራጁን አላየሁትም። ማታ እጄን ታጥቤ፣ ሥጋውን ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገብቼ፣ አሁንም እሱኑ ነው የማስበው።

በቅደም ተከተል ልጻፈው። ባሌ ደሳለኝ በጭነት መኪናው ሄዶ ኦክላሆማ ላይ ጭነት እየጠበቀ ቀረ። አደን በየዓመቱ የምንወጣው አብረን ነው። እኔ እተኩሳለሁ፤ ባሌ ሮጦ ይደርስና ነፍሱ ሳትወጣ በስመ አብ ብሎ ያርዳል። ሴት አታርድም፣ ሳይታረድ የሞተ ደግሞ በክት ነው። ሶ እሱ ከሌለ መቅረት ነበረብኝ። ግን ዛሬ የወቅቱ መክፈቻ ነው፣ ፈቃዴን አውጥቻለሁ፣ የነቢያት ጾም ሳይገባ የቀሩኝ ቅዳሜዎች ጥቂት ናቸው። ሥጋ ቤቴን ለእህቴ ትቼ ከአርሊንግተን ወጣሁ። እውነቱን ለመጻፍ፣ ያ ሁሉ አዳኝ በሚሰበሰብበት ቦታ አንድ የኛ ወንድ አይጠፋም ብዬ ነበር። አገር ቤት ሴት ዶሮዋን ይዛ በሯ ላይ ቆማ አላፊ አግዳሚውን እረድልኝ እንደምትለው።

ከዴንተን ወደ ምዕራብ ያለው የመንግሥት መሬት ስደርስ ፓርክ ማድረጊያ አጣሁ። ፒክአፕ በፒክአፕ ሆኗል። መሬቱ ራሱ የተቆራረጠ ነው፤ ትንሽ ጫካ፣ የጠጠር መንገድ፣ ትንሽ ሣር፣ ደግሞ መንገድ። በየቁጥቋጦው የአዳኝ ብርቱካናማ ሰደርያ ይታያል። ያስፈራኝ ዝምታው ነው። ያ ሁሉ ሰው ተቀምጦ አንድ ሳል አይሰማም። ገበያ ሞልቶ ማንም እንደማይናገርበት ቀን ነበር።

አንድ ባለ ቀንድ አጋዘን ከአንዲት ኩሬ በላይ ካለው ተዳፋት ብቅ አለ። ከኋላው ጥይት የሚያስቀር ኮረብታ ነው ብዬ ተኮስኩ። መታሁት፤ እየተንገዳገደ ቁጥቋጦው ውስጥ ገባ። ወዲያው ከዚያው በኩል አንድ ድምፅ ሰማሁ። "እህ" የሚል፣ አጭር። አጋዘኑ ነው አልኩ።

ደሳለኝን ኮል አደረግኩት። መትቻለሁ፣ ምን ላድርግ ስለው፣ "በስልክ ልረድልሽ?" ብሎ ሳቀብኝ። ከዚያ ሳቁን ተወና አጠገቤ ማን እንዳለ ጠየቀኝ። ማንም የለም አልኩት።

ደሙን ተከትዬ ሄድኩ። ጥድ ሥር ተጋድሟል። ጭንቅላቱ ወደ ምሥራቅ ዞሯል፣ አንገቱ ከአገጩ ሥር በአንድ ስንጥቅ ተቆርጧል፣ ደሙ ገና ይተናል። እንደኛ ነው የታረደው። "ወንድሜ" ብዬ ተጣራሁ። ድምፄ ራሱ አስደነገጠኝ። ከአጋዘኑ ወዲያ፣ እንስሳው ባልረገጠው በኩል፣ ቅጠል ላይ የደም ጠብታ ነበር። አንድ እዚህ፣ አንድ እዚያ፣ እስከ መንገዱ ድረስ። መንገዱ ዳር ሲደርስ ቆመ።

ቀይ ጺም ያለው አዳኝ ከመንገዱ ወዲያ ካለ ቁጥቋጦ ወጥቶ እንኳን ደስ አለሽ አለኝ። ማን እንዳለፈ ጠየቅኩት። ሳይነጋ ጀምሮ ያን መንገድ ሲያይ እንደነበረና አንድም ሰው እንዳልተሻገረ ነገረኝ። የአጋዘኑን አንገት አየና እጅሽ ጎበዝ ነው አለ። የኔ እጅ አይደለም አላልኩትም። ሆድ ዕቃውን እዚያው ጥዱ ሥር አውጥቼ፣ የአደን ፈቃዴን መለያ ቀንዱ ላይ አስሬ፣ እየጎተትን መኪናዬ ድረስ አደረስነው።

እሑድ

ደሳለኝ ገባ። ገላውን ሳይታጠብ ማቀዝቀዣውን ከፈተ። የአጋዘኑ አንገት የተቆረጠበትን በጣቱ እየተከተለ ብዙ ቆየና "የኛ ሰው ነው" አለ።

ደስ ይለዋል ብዬ ነበር፤ አልበላም አለ። ክርስቲያን ይሁን ሌላ በምን ታውቂያለሽ ይላል። እኔ ሥጋ ሻጭ ነኝ፣ ይሄን ጥያቄ ከሱ በላይ አውቀዋለሁ። ሱቄ የሚገባ ሰው ሁሉ ከዋጋው በፊት ማን አረደው ነው የሚለው። መልስ አጥቼ አላውቅም ነበር።

የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላ ነው። አርዶ ድርሻውን ሳይወስድ፣ ምርቃት እንኳ ሳይጠብቅ የሚሄድ አበሻ አይቼ አላውቅም። የሄደ እንደሆነ ምክንያት አለው። ቆዳውን ስገፍ ጥይቷ የገባችበትን ብቻ ሳይሆን የወጣችበትንም አየሁ። አልፋ ሄዳለች። ወዴት? "እህ" ያለው ማነው? መንገዱ ዳር ድረስ የተንጠባጠበው የማን ደም ነው?

ለደሳለኝ ነገርኩት። ፊቱ ተለወጠ። ለማንም አትናገሪ ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ "ደውዪ" አለኝ። ቀድሞም ልደውል ነበር። የተበላሸ ዕቃ ሲደብቁት ይብሳል። የአደን ተቆጣጣሪው በጨዋ ደንብ ሰማኝ፣ ስሜን፣ ቦታውን፣ የተኮስኩበትን አቅጣጫ ጻፈ። ተመታሁ ብሎ ያመለከተ ሰው እንደሌለ፣ ግን ሄዶ እንደሚያይ ነገረኝ። ስልኩን ስዘጋ እፎይ አላልኩም። የማያመለክት ሰውም አለ።

ሰኞ

ሱቅ ውስጥ ሚዛኑን ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ። ደንበኛ ሳቀብኝ።

በወሬ መሃል እየጣልኩ ጠየቅኩ፤ ጫካ የሚወጣ የኛ ሰው ታውቃላችሁ? ብዙው ሰው ሳቀ። አንዷ፣ ከኔ ሌላ ጫካ የሚገባ አበሻ ካለ ከሚስቱ የሸሸ ነው አለች።

ከሰዓት በኋላ ቢኒያም መጣ። ከፎርት ዎርዝ በስተሰሜን ካሉት መጋዘኖች ባንዱ ይሠራል፣ ቀልድ ይወዳል። ስጠይቀው ግን አልቀለደም። አብሯቸው የሚሠራ ምትኩ የሚባል ልጅ አለ፤ ከጎንደር ገጠር በሎተሪ የመጣ፣ ሠላሳ የማይሞላው። አገሩ ድቁና ነበረው ይባላል። ቤት አልተከራየም፣ መኪናው ውስጥ ነው የሚያድረው። ሥራ በሌለው ቀን ከዴንተን ወዲያ ወደ ጫካ ይሄዳል። ምን እንደሚሠራ ሲጠይቁት ጸጥታ ነው ይላቸዋል።

"ዛሬ ገብቷል?" አልኩት።

"ኧረ አልገባም፣ እትዬ ዘነቡ። እሱ ቀርቶ አያውቅም እኮ። ስልኩም ዝግ ነው።"

ሥጋውን ጠቅልዬ ሰጠሁት። ከሄደ በኋላ ገንዘቡን መቀበሌን አላስታውስም።

ማክሰኞ

ደሳለኝን ይዤ ተመለስኩ። የሥራ ቀን ስለሆነ ሰው የሚቀንስ መስሎኝ ነበር። መኪናዎቹ እዚያው ናቸው።

ጥዱ ሥር የሆድ ዕቃው ተጠርጎ ተበልቷል፤ የቆሸሸ ሣር ብቻ ነው የቀረው። ቅዳሜ ያላየሁትን ዛሬ አየሁ። አጋዘኑን ከመታሁበት አልፎ፣ ኮረብታ ነው ብዬ የገመትኩት ኮረብታ አይደለም። መሬቱ ከፍ ብሎ እንደገና ይወርዳል። ከወረደበት ላይ ሣሩ እንደ ሰሌን የተነጠፈበት ቦታ አለ፤ ሰው ብዙ ጊዜ የተመላለሰበት። አንዱ ጫፍ ላይ በጉልበት የተደቆሱ ሁለት ጎድጓዶች። ደሳለኝ ጎንበስ ብሎ አያቸውና ተነሳ። የሸሚዝ ቁራጭም አገኘን፣ ደም የደረቀበት።

ከዚያ ደሳለኝ ያላሰብኩትን አደረገ። እጁን አፉ ላይ አድርጎ በአማርኛ ጮኸ።

"አንተ ወንድም! ያረድከው! አትፍራ፣ ውጣ!"

ከቁጥቋጦው ውስጥ ብርቱካናማ ነገር ተነሳ። ሰው ነው። ከኩሬው ዳር ሌላ ተነሳ። ከጥዶቹ መሃል ሌላ፣ ከዛፍ ላይ ሌላ፣ እኔ ቅዳሜ ከተቀመጥኩበት ጀርባ ደግሞ ሌላ። ፊታቸውን ቀብተዋል፣ ሁሉም ወደኛ ዞረው ዝም ብለው ያያሉ። ሙታን ተጠርተው ከመቃብር የተነሱ ነው የመሰለኝ። የጠራነው ግን መሃላቸው የለም።

ከተቀመጥኩበት ጀርባ የተነሳው ሽማግሌ ሰውዬ መጥቶ አደኑን እንዳበላሸንባቸው በቀስታ ነገረን። ይቅርታ ጠየቅን፣ የጠፋ ሰው እየፈለግን ነው አልነው። ሲለዝብ ጊዜ፣ ቅዳሜም እዚያው እንደነበረ፣ በማያውቀው ቋንቋ በስልክ ሳወራ እንደሰማኝ ነገረኝ። እኔ ሳል አይሰማም ስል፣ ሰው ትንፋሼን እየሰማ ነበር። ሌላ ሰው አይቶ እንደሆነ ጠየቅኩት። ብርቱካናማ ያልለበሰ ሰው እዚህ አይታይም፣ ያለመልበስ ክፋቱም እሱ ነው አለኝ።

ዳቦ፣ ከሱቅ ያመጣሁትን ቋንጣ፣ ፋሻና የቁስል መድኃኒት በሱቁ ከረጢት አድርጌ ከጥዱ ቅርንጫፍ ላይ አሰርኩ። ከረጢቱ ላይ የሱቁ ስልክ ታትሟል። መኪና ውስጥ ስንገባ ደሳለኝ፣ ሰው ከሆነ ይደውላል አለ። ከሆነ ያለውን ቃል አልወደድኩትም።

ረቡዕ

ጾም ስለሆነ ሥጋ ገበያ የለም። ስልኩ አጠገብ ዋልኩ።

ተቆጣጣሪው ደወለ። ቦታውን አይቷል፣ ሰው አላገኘም። መኪና ውስጥ የሚያድረውን ልጅ ነገርኩት፤ ተደብቄ ያሳበቅሁ መሰለኝ፣ ግን ቆስሎ ከሆነ የሚፈልገው ሰው ይብዛ ብዬ ነው።

ከቀትር በኋላ አንድ ስልክ ተደወለ። ሃሎ ስል መልስ የለም። የንፋስ ድምፅ፣ የጠጠር ድምፅ፣ ትንፋሽ። "ምትኩ" አልኩ። ተዘጋ። መልሼ ስደውል አይነሳም።

ሐሙስ

ያው ቁጥር ጠዋት ደወለ። ቀጭን የገጠር ድምፅ ነው። ሰላምታ ሳያስቀድም ጠየቀኝ።

"እትዬ፣ ሥጋውን በልተውታል?"

"አልበላንም። ተመተሃል ወይ አንተ?"

"እጄን ነው" አለ።

እጅህን ምን ሆንክ ስል ሰው እንደሚመጣበት ዓይነት አንሾካሾከና ዘጋ። አጭር መልእክት ላክሁለት። ፖሊስ አልጠራብህም፣ ሐኪም ቤት እኔው እወስድሃለሁ፣ ሱቄ ና። የአድራሻውን ቁጥር ሁለት ጊዜ ጻፍኩ።

እጄን ነው። ይሄን ቃል ቀኑን ሙሉ ሳላምጠው ዋልኩ። ጥይት የመታው እጅ ምን እንደሚመስል ደሳለኝን ጠየቅኩት። አትጠይቂኝ አለ። ሃያ ዓመት የገነባሁት ሱቅ ታየኝ፣ ከሱቁ በላይ ደግሞ እናቱ ታየችኝ፣ የማላውቃት ሴት፣ ጎንደር።

ዓርብ

መጣ።

ሱቁ ባዶ ነበር፤ በዓርብ ማን ሥጋ ቤት ይገባል። በሩ ላይ ቆሞ ለመግባት አመነታ። ቀጭን ነው፣ ጃኬቱ ትከሻው ላይ የተሰቀለ ይመስላል። ግራ እጁ በእኔ ፋሻ ተጠቅልሏል። ደሳለኝ ከኋላ ወጥቶ ሳመው፣ ወንበር ሳበለት። እኔ ሰላም እንኳ አላልኩትም።

"ፍታው" አልኩት።

"ይድናል፣ እትዬ።"

"ፍታው አልኩህ።"

ስላልፈታው እኔው ፈታሁት። ቁስሉ መዳፉ ላይ ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ጠባብ፣ አፉ የገጠመ። ቢላ የቆረጠውን አውቃለሁ፣ ሥራዬ ነው። ጥይት አይደለም፤ ሽንኩርት ከረጢት ላይ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ተናገረ፣ ትንሽ በትንሽ። ዓርብ ማታ መኪናው ውስጥ አድሮ ሲነጋ ወደ ጸሎት ቦታው ገባ። አደን እንደሚከፈት አያውቅም፣ ሰደርያም የለውም። አጋዘኑ ከፊቱ መጥቶ ወደቀ። የኔን ስልክ ሲሰማ በአማርኛ ነው የምታወራው፣ ሴት ናት፣ አራጅ የላትም ብሎ ቢላውን አወጣ። ካረደ በኋላ ብርቱካናማዎቹን አየና ፈራ። የሰው አደን ነክቷል፣ ፈቃድ የለውም፣ ግሪን ካርዱ ገና አዲስ ነው። ከመንገዱ ሥር ባለው የውኃ ቱቦ ሾልኮ አለፈ። ቀይ ጺሙ ልክ ነበር፤ መንገዱን የተሻገረ ሰው የለም።

እሱን ያስጨነቀው ግን ይሄ አይደለም። ስደርስ ነፍሱ ነበረች ወይስ ወጥታለች፣ እርግጠኛ አይደለሁም አለ። በኔ የተነሳ በክት ብትበሉስ ብዬ እንቅልፍ አጣሁ አለ። ስድስት ቀን እኔ ሰው ገደልኩ ስል፣ እሱ ሰው አረከስኩ ሲል ሰነበትን።

"ደሙ ፈሰሰ ወይስ ረጨ?" አለው ደሳለኝ።

"ረጨ፣ ጋሼ።"

"የሞተ አይረጭም። ነገ አብረህ ትበላለህ።"

ልጁ ፊቱን በደህናው እጁ ሸፈነ።

ዝም ብዬ ብተወው ነገሩ እዚህ ያበቃ ነበር። ግን "እህ" ያለው ማን እንደሆነ ጠየቅኩት። እኔ ነኝ አለ። ጥይቷ በላዩ አለፈች፣ ንፋሷ ጀርባውን ነካው።

"ተኝተህ ነበር?" አልኩት።

"እየሰገድኩ ነበር፣ እትዬ። ግንባሬ መሬት ላይ ነበር።"

ደሳለኝ እኔን አየኝ። ስግደት መውደቅና መነሳት ነው። ቀና ብሎ ቢሆን ኖሮ ብዬ ጀመርኩና አልጨረስኩትም። ቢላ የለመደ እጅህ እንዴት ሳተ አልኩት፤ ካረደ በኋላ ቢላውን ሲጠርግ እጁ አልታዘዝ ብሎት መዳፉን እንደቆረጠ ነገረኝ።

ተቆጣጣሪው ጋ ደውዬ ሰውዬው መገኘቱን፣ የቆረጠውም ቢላ መሆኑን ነገርኩ። ከዚያ አዲስ ፋሻ አወጣሁና መዳፉን እኔው መልሼ ጠቀለልኩለት። ቀስ ብዬ። ቋጠሮው አልጠብቅ ብሎኝ ደጋግሜ አሰርኩት።