አባባ የነቀሉት የጦስኝ ቅጠል

ሆሳዕና፣ ጥር 12 ቀን 1971 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ጴጥሮስ፣

ዓለማያ እንዴት ይዛሃለች? እኛ ደህና ነን፤ ዛሬስ ለወጉ ያህል አይደለም፣ እውነቴን ነው። ወረቀቱን ወደዚያ በሚመጣው በአበራ እጅ የላክሁት፣ በፖስታ ከሆነ ካንተ ቀድመው የሚያነቡ ስላሉ ነው።

አባባ እዚያው እስር ቤት ወደ ጓሮው ክፍል ከተዛወሩ ወዲህ ያያቸው ሰው አልነበረም። ስንቅ እናደርሳለን፣ ዘበኛው ይቀበላል፣ ሳህኑ ባዶውን ይመለሳል። እማዬ በባዶው ሳህን ስትጽናና አጎታችን ጋሼ አስፋው «ዘበኞቹስ አፍ የላቸውም?» ብለው አረፉት። ቅዳሜ ደግሞ ሽማግሌዎቹን አስከትለው፣ ድንኳን አስጭነው፣ ንፍሮ አስቀቅለው፣ «እርምሽን አውጪ» ሊሏት መጡ። ለቅሶውን ከቤታቸው ጀምረውት ነው የደረሱት!

እኔ ዓርብ ዕለት ከሻዩ ጋር ጦስኝ ከነግንዱ ልኬ ነበር፤ የዳምቦያዋ አክስታችን ከአምበሪቾ ያመጣችውን። ሽማግሌዎቹ ጉሮሯቸውን ሲጠራርጉ የተመለሰውን ሳህን ይዤ ገባሁ። ውስጡ አንዲት የጦስኝ ቀንበጥ አለች።

አባባ ሲያስተምሩን ክፍል ውስጥ «ጦስኝ የናና ዘመድ ነው፤ ግንዱ አራት ማዕዘን፣ ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት የሚተያዩ» እያሉ ከየጥንዱ አንዷን በጥፍራቸው ይነቅሉ አልነበር? አንተ የምታንቀላፋበት ትምህርት! ይቺም እንደዚያው ናት፤ ከላይ እስከ ታች ከየጥንዱ አንዷ ተነቅላ አንዷ ቀርታለች።

«የአባባ እጅ ነው!» ብዬ ጮኽኩ።

«በግ በልቶት ይሆናል» አሉ ጋሼ አስፋው።

«ጋሼ፣ በግ አንዱን በልቶ አንዱን ይዘላል እንዴ?»

«አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ያዢ!»

እማዬ ቀንበጧን ተቀብላ በጣቷ ዳበሰቻት፣ አሸተተቻት፣ ከዚያ ሳቀች። ሳቋን ረስቼው ነበር።

«ድንኳኑን መልሱት» አለች።

«ንፍሮውስ?»

«እሱ ይቀመጥ።»

እሁድ አባባ የራሳቸውን ለቅሶ ንፍሮ በሉ። ጋሼ አስፋው ቢያኮርፉኝም ትናንት «ለእስረኛው» ብለው ካልሲ አምጥተዋል፤ አንዱ ተረከዝ የለውም።

ወንድሜ፣ ለፋሲካ እመጣለሁ ያልከውን ተወው። እማዬ «ትምህርቱ ይበልጣል በዪው» ብላኛለች። ይህን ያለችኝ የቀበሌው ሰዎች «ልጅሽ መቼ ነው የሚመጣው?» ብለዋት በሄዱ ማግስት ነው። አልጋህን ግን ዛሬም አንጥፋዋለች።

አምላክ አንተን እዚያ፣ አባባን እዚያ፣ እኛንም እዚህ ይጠብቀን።

እህትህ ሣራ